ኪሎ ሜትር ቆጥረን ከፍታ የረሳንበት ጉዞ፦ የጣርማበር ቁልቁለት

ቅዳሜ ጠዋት የአሮጌ መኪና ክለባችን አባላት አሥራ አራት መኪና ሆነን ከአዲስ አበባ ወጣን። ሰባት ቮልስ፣ ሁለት ሚሌቼንቶ (ፊያት 1100)፣ አንድ ሴይቼንቶ (ፊያት 600)፣ ሁለት ላዳ፣ አንድ ፔጆ 404 እና አንድ ላንድሮቨር። እሑድ ረፋዱ ላይ ከሁለቱ ሚሌቼንቶዎች አንዱን ከደብረ ብርሃን አልፎ ካለው ከጣርማበር ዋሻ በታች ፍሬን እምቢ አለው። ውስጡ አራት ሰው ነበር። አራቱም ዛሬ ደህና ናቸው። የጉዞውን ፕሮግራም ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል የመጻፍ ዕዳ አለብኝ።

ጉዞው የተደረገው መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ነው። ኅዳር 2014 ላይ ጦርነቱ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ከመድረሱ በፊት ማለት ነው። ያኔ የሚያሳስበን የመኪና ብልሽት ብቻ ነበር።

ሰሜን ሸዋን የመረጥነው ዝም ብለን አይደለም። አሮጌ መኪና ለሚወድ ሰው ይህ መስመር ታሪክ አለው። ወደ አገራችን የመጀመሪያው መኪና የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ጀምሮ እየነዳ አዲስ አበባ አደረሰው፤ የተቀበሉትም ዐፄ ምኒልክ ናቸው። ምኒልክ ደግሞ የተወለዱት አንጎለላ ነው። ከጫጫ አልፎ ደብረ ብርሃን ሳይደረስ ያለች ቦታ ናት። እዚያ ቆመን መኪኖቻችንን አሰልፈን ፎቶ ለመነሳት ከወራት በፊት ጀምሮ ስናልም ነበር።

ጣርማበርም የራሱ ታሪክ አለው። ሚያዝያ 1928 የጣሊያን ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ከ1,700 የሚበልጡ ተሽከርካሪዎች ነበሩት። ጣርማበር ላይ መንገዱ ፈርሶ ጠበቀው። ያ ሁሉ መኪና እስኪጠገን ቆመ። ዋሻውን ጣሊያኖች የሠሩት ከዚያ በኋላ፣ በወረራው ዘመን ነው። እስከ ዛሬ ሰው የሞሶሊኒ ዋሻ ይለዋል። ያ ተራራ መኪና ማቆም ያውቅበታል። ይህን ታሪክ በጉዞው ዋዜማ ለአባላቱ ያነበብኩላቸው እኔው ራሴ ነኝ። ተራራው እኛንም ሊያቆመን እንደሚችል ግን አላሰብኩም።

ፕሮግራሜ በግማሽ ገጽ ያለቀ ነበር። ቅዳሜ አዲስ አበባ – ደብረ ብርሃን፣ 130 ኪሎ ሜትር፣ አዳር። እሑድ ደብረ ብርሃን – ሸዋ ሮቢት፣ 95 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ምሳ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ መልስ። ወረቀቱ ላይ ከፍታ የሚል ቃል የለም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር እንኳ አትሞላም። ስለዚህ እሑድ ጠዋት የጻፍኩት 95 ኪሎ ሜትር የሚባለው ጉዞ ከ1,700 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነበር። ከምሳ በኋላ ደግሞ ያንኑ ያህል ዳገት፣ ከዚያም እስከ አዲስ አበባ። በአንድ ቀን፣ ሃምሳ ዓመት በሞላቸው መኪኖች።

የቅዳሜው ጉዞ ቆንጆ ነበር። ሰንዳፋን፣ አለልቱን አልፈን ሸኖ ላይ ቁርስ በላን። የሸኖን ለጋ ቅቤ ያልገዛ የለም፤ ፔጆው ውስጥ ብቻ አራት ጣሳ ነበር። በየመንደሩ ልጆች እየሮጡ እጃቸውን ያውለበልቡልናል። እኛም ጥሩምባ እንነፋለን። አሥራ አራት መኪና ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ ነው ደብረ ብርሃን የገባነው። ይህን የጥሩምባ ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የከፍታው ምልክት ያን ዕለትም ታይቶ ነበር። ከፍ በተባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሰባ በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ካርቡራተር ደግሞ ይህን አያውቅም። ቤንዚኑን እንደ ወትሮው ይሰጣል፤ አየሩ ግን ያንሰዋል። ሞተሩ ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል። 34 የፈረስ ጉልበት አለው የሚባለው የ1200 ቮልስ እዚያ ላይ ከሩብ በላይ ጉልበቱን ያጣል። ሴይቼንቶዋ ጫጫ አካባቢ ሁለት ጊዜ ቆመች። ሁላችንም ኮፈን ከፍተን ስለ ሞተር አወራን። ማታም ብርድ ልብስ ተከናንበን ያወራነው ስለ ሞተር ነው። ማን ሞተሩን ፈትቶ ኦቨርሆል አደረገ፣ ማን ካርቡራተር ቀየረ፣ ማን ከየት ፒስተን አገኘ። ስለ ፍሬን አንድም ሰው ያነሳ ትዝ አይለኝም።

እሑድ ጠዋት ደብረ ብርሃን ውርጭ ጥሎ አደረ። የመኪኖቹ መስታወት ነጭ ሆኗል። ከቮልሶቹ አንዱ በ6 ቮልት የሚሠራ የጥንት ነው፤ ባትሪው ደክሞ በግፊ ተነሳ። ሌሎች ሦስትም እንዲሁ ተገፉ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እንወጣለን ብዬ 2 ሰዓት ከ40 ሆነ። ሸዋ ሮቢት ምሳ ተነግሯል። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ሰውን አጣደፍኩ። ከፊት የሚመራው ላዳ ነበር። ለሚነዳው ወጣት «ትንሽ ጠንከር በል» ያልኩት እኔ ነኝ።

ጣርማበር ስንደርስ ጉም ነበር። በዋሻው ውስጥ መብራት አብርተን አለፍን። ውሃ ከጣሪያው ይንጠባጠባል፤ የሞተሩ ድምፅ ያስተጋባል። ከዋሻው ስንወጣ ጉሙ ትንሽ ገለጥ አለና ገደሉ ከነጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ታየን። ሰው ሁሉ መስኮት አውርዶ እልል አለ። ማንም አልቆመም። ቁልቁለቱ እዚያው ይጀምራል።

ሚሌቼንቶው አምስተኛ ነበር። ባለቤቱ ከአባቱ የወረሰው መኪና ነው። አጠገቡ የአሥራ ስምንት ዓመት ሴት ልጁ፣ ከኋላ ሁለት እንግዶች፣ በኋላው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ሻንጣና ቅቤ። ከኋላው በስድስተኛ የሚከተሉት ሁላችን ጋሼ የምንላቸው የክለቡ አንጋፋ መካኒክ ናቸው፤ በቮልሳቸው። ከዚህ በታች ያለው የሁለቱ ቃል ነው።

ባለቤቱ የወረደው በሦስተኛ ማርሽ ነው። ለምን ሁለተኛ አላስገባህም ስለው የመለሰልኝ እንዲህ ነው፤ «ሞተሩ ኦቨርሆል ከወጣ ገና ሁለት ወሩ ነው። በሁለተኛ ሲጮህ አሳዘነኝ።» ሞተሩን ሊያሳርፍ ብሎ ሥራውን ሁሉ ለፍሬኑ ሰጠው። ላዳው ከፊት ይፈጥናል። እንዳይርቀው ይከተለዋል። ኩርባ ሲመጣ ይረግጣል፣ ኩርባው ሲያልቅም እግሩ ከፍሬኑ ላይ አይነሳም። ቀላል አድርጎ፣ ያለማቋረጥ።

ጋሼ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ በመስኮት ገባባቸው። ወዲያው ገባቸው። ጥሩምባ ነፉ። ደጋግመው ነፉ። ከፊታቸው ያለው መኪና መለሰላቸው። በደስታ! ሌሎቹም ተቀበሉ። ለሁለት ቀን ጥሩምባ ስንነፋ የነበረው ለሰላምታ ነው። አደጋ ነው የሚል ድምፅ አልነበረንም። ጋሼ መብራት አበሩ፣ አጠፉ። ጉም ስለሆነ ሁሉም መብራት አብርቷል። ማንም ልብ አላለም።

ከዚያ ፔዳሉ ወለሉን ነካ። ባለቤቱ ደጋግሞ ረገጠ። ምንም የለም። የሚቀጥለው ኩርባ ከመቶ ሜትር አይበልጥም። እዚህ ላይ ልጁ ስለ አባቷ የነገረችኝ አንድ ነገር አለ። አልጮኸም። «ያዙ» አለ ብቻ። ፍሪሲዮን ረግጦ ሞተሩን አስጩሆ ሁለተኛን በግድ አስገባ። የጊርቦክሱ ድምፅ እስከ ጋሼ ድረስ ተሰምቷል። የእጅ ፍሬኑን ሳበ። መሪውን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው አዞረ። የቀኝ፣ የግራ ሳይል፣ ወደ ድንጋዩ። መኪናው የጎርፍ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ግንቡን እየፋቀ ሄደና ቆመ። ራዲያተሩ ተቀደደ። ፓራውልቱ ተጣመመ። የልጅቱ ጉልበት አበጠ። ሌላ የለም።

በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሃያ ሰላሳ ሰው ተሰበሰበ። ከየት እንደመጡ አናውቅም፤ መንደሩ በጉም ውስጥ አይታይም ነበር። ወጣቶቹ ሳንጠይቃቸው ወደ ላይም ወደ ታችም ሮጠው መንገዱ ላይ ቅጠልና ድንጋይ ደረደሩ፣ የሚመጣ መኪና እንዲያውቅ። አንድ ሰው ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገባ። አንዲት እናት ለልጅቱ ውሃ አመጡላት። ያን ዕለት በትክክል የተሠራ ነገር ቢኖር የእነሱ ሥራ ነው።

አንዱ የእኛ ሰው ጀሪካን ውሃ ይዞ ወደሚጨሰው ጎማ ሮጠ። ጋሼ «ተው! ታምቡሩ ይሰነጠቃል!» ብለው እጁን ያዙት። ታምቡር የሚባለው የፍሬን ሸራው የሚጫነው፣ ከጎማው ጋር የሚዞር የብረት ከበሮ ነው፤ የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢደፋ ከበሮው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። በራሱ ይብረድ አሉ። ቁጭ ብለን ጠበቅን።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋሼ ገብተው ፔዳሉን ረገጡ። ጠነከረ! ባለቤቱ ግራ ገባው። «ጋሼ፣ ቅድም እኮ ምንም አልነበረም» አለ። የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ፍሬን በሁለት መንገድ በሙቀት ይከዳል። አንደኛው ሸራው ሲጋል መያዝ ሲያቅተው፣ ከበሮውም በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው ሲርቅ ነው። ያኔ ሾፌሩ አጥብቆ ይረግጣል፤ ፔዳሉ እግሩን ይመልስለታል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ሁለተኛው የፍሬን ዘይቱ ሲፈላ ነው። ዘይት አይጨመቅም፤ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። በቱቦው ውስጥ አረፋ ከተፈጠረ እግር የሚገፋው አረፋውን ነው። ፔዳሉ ወለል ይነካል። ሲበርድ አረፋው ተመልሶ ፈሳሽ ይሆንና ፔዳሉ ምንም እንዳልሆነ ይጠነክራል። የእኛ ሁለተኛው ነበር።

ማክሰኞ ጋራዥ ውስጥ ዘይቱን ቀዳነው። መልኩ የጠቆረ ሻይ ነው። ባለቤቱ መቼ እንደተቀየረ አያውቅም፤ ሲጎድል ይጨምራል እንጂ ቀይሮት አያውቅም። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። በብዛት የምንጠቀመው ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም። ውሃ ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ያረጀ ዘይት ከተማ ውስጥ ዓመታት ያገለግላል፤ ማንም ሳያውቅበት። ቁልቁለት ያጋልጠዋል።

ምን ያህል ሙቀት እንደነበረ ቤቴ ገብቼ አሰላሁት። አራት ሰውና ሻንጣ የጫነ ሚሌቼንቶ 1,200 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 500 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሃያ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ እዚያ ከፍታ ላይ ማፍላት ይችላል፤ እዚያ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሙሉ ጀሪካን ማለት ነው። ይህ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። በዝቅተኛ ማርሽ ከተወረደ አብዛኛውን ሞተሩ ይሸከመዋል። በከፍተኛ ማርሽ ከተወረደ አራቱ ከበሮዎች ይሸከሙታል። ይህን ስሌት ከጉዞው በፊት ብሠራው አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

መኪናውን ያወጣንበትን መንገድ ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። ላንድሮቨሩ ይጎትተው የሚል ሐሳብ መጣ። ጋሼ እምቢ አሉ። ፍሬኑ የማይታመን መኪና ቁልቁለት ላይ በገመድ አይጎተትም፤ ጎታቹን ይመታዋል። ባዶውን ወደ ላይ የሚመለስ አይሱዙ መጣ። ሾፌሩ የደሴን መስመር ለዓመታት የሠራ ሰው ነው። የመኪናውን ቂጥ ከመንገዱ ዳር ከፍ ካለው አፈር ጋር አገጣጠመ፣ ሁለት ሳንቃ ተጋደመ፣ ሰላሳ ሰው ሚሌቼንቶውን ገፍቶ ላዩ ላይ አወጣው። ሾፌሩ ባለቤቱን ትከሻውን ይዞ «ወንድሜ፣ እዚህ አገር በወጣህበት ማርሽ ነው የሚወረደው» አለው። ቁጣ አልነበረውም። እኛን ሁላችንን ነበር የሚያየው።

የቀረነው አሥራ ሦስት መኪኖች ሁለተኛ ማርሽ ይዘን፣ ተራርቀን፣ ደብረ ሲና ገባን። ሻይ ቤቱ በር ላይ ጋሼ አንድ ነገር አደረጉ። እየዞሩ የእያንዳንዱን መኪና ጎማ በእጃቸው ጀርባ ቀረቡት። አምስቱን ሊነኩት አልቻሉም። ከአምስቱ አንዱ የእኔ ነበር። ሁለተኛው ሚሌቼንቶም ሽታ ነበረው። ጉዳዩ የአንድ ሰው ጥፋት አለመሆኑ ለእኔ የተገለጠልኝ ያኔ ነው። አምስተኛው ላይ ደረሰ እንጂ ስድስተኛው ወይም ዘጠነኛው ላይ ሊደርስ ይችል ነበር። ላዳዎቹ ግን ደህና ነበሩ። ላዳ ከፊያት 124 የተወለደ ነው፤ የፊት ፍሬኑ ከበሮ ሳይሆን ዲስክ፣ ማለትም ክፍት የብረት ሳህን ነው። ዲስክ አየር ያገኛል፣ ቶሎ ይበርዳል። የሚመራን መኪና ችግሩን ሊያየው የማይችለው መኪና ነበር። ወጣቱ ምንም አላጠፋም። እዚያ ቦታ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ሸዋ ሮቢት ስልክ ደውዬ ምሳውን ሰረዝኩ። ቅር ያላቸው ነበሩ። አንዱ «እዚህ ድረስ መጥተን?» አለ። ክርክሩ ረጅም አልነበረም። ከደብረ ሲና ወደ ሮቢት የሚወርደው ካለፍነው ይበልጣል። የደብረ ሲና ቆሎ ገዝተን፣ ፍሬኑ እስኪበርድ ጠብቀን፣ ዳገቱን ተመለስን። አንጎለላ ስንደርስ መሽቶ ስለነበር ፎቶው ቀረ።

ቀጥሎ ባለው ዓመት ዳግመኛ ወጣን። ባለቤቱ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም፤ መጣ። በዝግጅቱ ላይ የተለወጠው ብዙ ነው። ዘይቱን ያልቀየረ መኪና አይወጣም ተባለ፤ ሁሉም ጋሼ ፊት ቀየረ። ታምቡር ሁሉ ተከፈተ፣ ሸራው ታየ። ፕሮግራሙ ላይ ከየቦታው ስም ጎን ከፍታው ተጻፈ። ሁለት ቀኑ ሦስት ቀን ሆነ፤ መልሱ በማግስቱ። ጥሩምባ ለሰላምታ አንድ ጊዜ ብቻ፤ ሦስት ረጃጅም ከተሰማ ሁሉም ወደ ተራራው በኩል ተጠግቶ ይቆማል። በጣም የከበደኝ ግን የአሰላለፉ ጉዳይ ነበር። ቀርፋፋው ይምራ ብዬ ሳቀርብ የሴይቼንቶዋ ባለቤት ደስ አላለውም፤ ሁሉን የማስጠብቀው እኔ ልሆን ነው ብሎ አፈረ። ጋሼ አጠገቡ ተቀምጠው ብዙ አወሩት። በመጨረሻ ተስማማ። ላዳዎቹ ከሁሉም ኋላ ሆኑ።

ከዋሻው እንደወጣን ሁላችንም ቆምን። ሁለተኛ ማርሽ አስገብተን፣ በየመሃሉ ሃምሳ ሜትር እየተውን፣ ሴይቼንቶዋን ተከተልን። ሞተሮቹ ቁልቁል ሙሉ ይጮኻሉ። ከኋላችን የተሰለፉት የጭነት መኪኖች አንድም ጊዜ አልጮኹብንም። እነሱም የሚወርዱት እንደዚያው ነው።

ደብረ ሲና ሻይ ቤቱ በር ላይ ጋሼ እንደገና ዞሩ። የሚሌቼንቶው ጋ ሲደርሱ ልጅቱ ከመሪው ኋላ ወረደች፤ ከዋሻው ጀምሮ የነዳችው እሷ ነበረች። ጋሼ የእጃቸውን ጀርባ ወደ ጎማው አስጠጉ። ከዚያ መዳፋቸውን ሙሉ ታምቡሩ ላይ አሳረፉትና እዚያው ተዉት።

«ለብ ብሏል» አሉ። «ነይ አንቺም ንኪው።»

ነካችው። ቆሎአችንን ይዘን ወደ ሮቢት ቀጠልን።